የቮልስዋገን ቢትል የሥሪት ዘመን መለያዎች

ቮልስዋገን ቢትል (በኢትዮጵያ በተለምዶ ቮልስ) ሞተሩ ከኋላ የሆነና በአየር የሚቀዘቅዝ የጀርመን መኪና ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች አሁንም ይታያል። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና መብራቱ ከሌላ ዓመት ቮልስ ተወስደው ሊገጠሙ ስለሚችሉ ዘመኑን በመልኩ ብቻ መለየት ያሳስታል።

የኋላ መስኮቱ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ፣ በኋላም ሰፊ አራት ማዕዘን ነበር። የነዳጅ መለኪያ በኤክስፖርት ሞዴሉ ላይ የገባው በ1961 ነው፤ ከዚያ በፊት ቤንዚን ሲያልቅ ሾፌሩ በእግሩ አጠገብ ያለውን ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያው ያዞር ነበር።

ይበልጥ አስተማማኙ መለያ ከኋላ መቀመጫ ሥር ሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። ገዢ ይህን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።