ይግባኝ፦ «ቅጣቱ በዛብኝ» ማለት ከየት መጣ?

ፊደል የለያችሁም፣ ገና የምትቆጥሩም፣ እስቲ ቀረብ በሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ይግባኝ» ይባላል።

«ይግባኝ» ያው «ይግባ» ከሚለው የመጣ ነው። ነገሬ ወደ ላይኛው ዳኛ ይግባልኝ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ ይግባኝ የእግርና የድምፅ ሥራ ነበር። በጭቃ ሹም ዳኝነት ያልረካ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደ በላዩ ዳኛ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ወንበሮቹ፣ ከዚያ ወደ አፈ ንጉሡ ያልፋል። በመጨረሻ ንጉሡ ችሎት ይደርስና «አቤት!» ይላል።

ታዲያ ንጉሡ ራሳቸው ከፈረዱስ? የቋራውን ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ነገሡ። የድሀውን አቤቱታ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ይህ መልካም ነው። ቅጣታቸው ግን ከባድ ነበር፤ እጅና እግር ማስቆረጥም ነበረበት። የተቀጣው ሰው «በዛብኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? ከንጉሥ በላይ ዳኛ የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለም?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ሰው «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎ አምኖ ተፈረደበት እንበል። በዚህ ሕግ መሠረት ጥፋተኛ መባሉን በይግባኝ ሊያነሳ አይችልም። የቅጣቱን ልክና ሕጋዊነት ግን ሊያነሳ ይችላል። አያችሁ? ብዙ ሰው «አንዴ አምኛለሁ፤ ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?» ይላል። አፍ አለው እኮ! «አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቱ ግን በዛብኝ» ማለት ይችላል።

ይግባኝ የጠፋበት ቀንም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነሱ መካከል ናቸው። ፍርድ ከሌለ በምኑ ላይ ይግባኝ ይባላል?

ጊዜ ተለወጠና የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ «ቅጣቱ አነሰ» ብሎ ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። እንግዲህ ከሳሽም ይግባኝ ይላል ማለት ነው። የላይኛው ዳኛ ቅጣትን ሊያጸና፣ ሊቀንስ፣ ሊያከብድም ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይግባኝን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። የገለጉ ሰው በወረዳው ፍርድ ቤት ቢቀጣ፣ ይግባኙ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

ላይ ሲደርስ «ማሩኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ምክንያት ይጠየቃል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ቅጣት ማቅለያዎችን ይዘረዝራል። ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረውና ካለማወቅ ያጠፋ ሰው ይህን ይናገር። ተጸጽቶ እጁን የሰጠ፣ የበደለውን የካሰ ሰውም ይናገር። የታችኛው ዳኛ ይህን ሳያይ ቀርቶ ከሆነ፣ ማመልከቻው ላይ መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

ዱሮ እግር ይፈለግ ነበር፤ አሁን ወረቀትና ቀን ነው። የ1954ቱ ሕግ ይግባኝ ማለቱን ለማስታወቅ የሰጠው 15 ቀን ነው። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዝርዝሩን ማመልከቻ ለማቅረብ 30 ቀን አለ። ግልባጩ ሲሰጣችሁ ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን አንብቡ። 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ግልባጩ እጅ ከገባበት ሳይሆን ፍርዱ ከተሰጠበት ዕለት ነው።