የጥቅስና የመልስ ሥርዓት በኤሌክትሮኒክ መልእክት

ለደብዳቤ መልስ ሲሰጥ፣ መልሱ ለየትኛው ቃል እንደ ተሰጠ ማስታወቅ የቆየ የጽሕፈት ልማድ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የሚጻፍ መልስ የቀደመውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ የሚጀምረው ስለዚሁ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ በመዝገብ ቤት ስለሚገኝ ቃሉን መገልበጥ አያሻም። የኤሌክትሮኒክ መልእክት ግን የጋራ መዝገብ ቤት ስላልነበረው የራሱን ሥርዓት ማበጀት ነበረበት።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን በአርፓኔት መረብ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መልእክት የላከው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1979 ተጠንስሶ በ1980 ሥራ በጀመረው ዩዝኔት ደግሞ መልእክቱ በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተቀባበለ ይጓዝ ስለ ነበር፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ከዚህም የተነሣ መላሹ የሚመልስበትን ቃል ቀንጭቦ ማቅረብ ግድ ሆነበት። የሌላው ሰው ቃል ከራሱ እንዲለይም በየመስመሩ መጀመሪያ በሒሳብ «ይበልጣል» የሚባለውን ምልክት ማኖር ተለመደ፤ ሁለት ምልክት ያለበት መስመር ከዚያ በፊት የጻፈውን ሰው ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ጥቅሱ ከመልሱ እየበዛ ሄደ። አንዳንድ የዩዝኔት ፕሮግራሞችም ከአዲሱ ጽሑፍ ይልቅ ጥቅስ የበዛበትን መልእክት እስከ መመለስ ደረሱ። በኦክቶበር 1995 የኢንቴል ባልደረባ ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጀችው አር.ኤፍ.ሲ. 1855 የተባለው ሰነድ ልማዱን በጽሑፍ አጸና። ይኸውም መላሹ የቀደመውን ሐሳብ ከላይ እንዲያጠቃልል ወይም ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲጠቅስ፣ መስመሩ ከ65 ፊደላት እንዲያንስ፣ የሚያስተላልፈውን የሌላ ሰው ቃል እንዳይለውጥ፣ የግል መልእክት ከሆነም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ ይመክራል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየቢሮው የተስፋፉት እንደ አውትሉክ ያሉ ፕሮግራሞች ግን መልሱን ከላይ አስጽፈው የቀደመውን ሁሉ ከሥር አንጠለጠሉ። ለአዲስ ተቀባይ የጉዳዩን ታሪክ በሙሉ ማሳየቱ ጥቅም ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ለሁለት ሰዎች የተጻፈ ቃል ሳይታሰብ ለሦስተኛ ወገን ይደርሳል። ስለ ብረት ውፍረት፣ ስለ ሲሚንቶ መጠንና ስለ ርክክብ ቀን ተጠይቆ ከላይ «እስማማለሁ» ብቻ ብሎ የሚመልስ መሐንዲስም በየትኛው እንደ ተስማማ አይታወቅም። ክርክር በተነሣ ጊዜ ይህች አንዲት ቃል ማስረጃ ትሆናለች፤ የምትመሰክረው ግን ለማን እንደ ሆነ አይለይም።

እንግዲህ መሣሪያው ቢለዋወጥም የሥርዓቱ መሠረት አንድ ነው፤ የተናገረው ሰው በቃሉ ልክ እንዲጠቀስ፣ የሚመልሰውም ለምን እንደ መለሰ እንዲታወቅ።