ስልኳ የተነሣባት ቀይ ቤት

በእንግሊዝ ገጠር ሲያልፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመጠጥ ቤቱ አጠገብ የቆመች ቀይ የሕዝብ ስልክ መደወያ ቤት የማያይ መንገደኛ ጥቂት ነው። አንድ ሰው ብቻ ታስገባለች፤ ክብደቷ ግን ወደ 700 ኪሎ ግራም ነው። አካሏ ብረት፣ በሯ እንጨት፣ ጣሪያዋ ጉልላት ነው። ዛሬ በብዙዎቹ ውስጥ ስልክ የለም። ታዲያ ስልክ የሌለው የስልክ ቤት በሕግ የሚጠበቀው ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1924 ከተካሄደ የንድፍ ውድድር ነው። አሸናፊው የሊቨርፑልን ካቴድራል የነደፈው አርክቴክት ሰር ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ነበር። ስኮት ቤቲቱ የብር ቀለም እንድትቀባ ቢያሳስብም ፖስታ ቤቱ ቀዩን መረጠ። ይህችኛዋ በአብዛኛው በለንደን ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1935 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ስኮት ያነሰችና ዋጋዋ የቀለለ ሌላ ነደፈ፤ ስሟም ኬ 6 ተባለ። ከ1936 ጀምሮ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተተክለው ገጠሩን አዳረሱት።

ዛሬ የሚወደደው ቀይ ቀለም ያኔ ያስቆጣቸው ነበሩ። የመልክዓ ምድሩን ውበት ያበላሻል ተብሎ በአንዳንድ ሥፍራ ግራጫ እንዲቀባ ተደርጓል። ይሁንና ስልክ ያለው ቤት እምብዛም ባልነበረበት ዘመን፣ በሌሊት ሐኪም የሚጠራው ከዚያች ቤት ነበር።

የስልኩ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ግል ከዞረ በኋላ አሮጌዎቹን በአዲስ የመተካት ዕቅድ ወጣ። ሕዝቡ ተቃወመ። ከ1986 ጀምሮ በቅርስነት ይመዘገቡ ጀመር፤ የተመዘገቡት ከ2,000 በላይ ናቸው። ያለ ፈቃድ መንቀልም ሆነ መለወጥ ክልክል ነው።

ሕጉ ብረቱን አዳነ፤ ደዋዩን ግን ሊያስቀር አልቻለም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በየኪሱ ገባ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቶቹን ለየአካባቢው ማኅበረሰብ በ1 ፓውንድ መስጠት ጀመረ። በሰመርሴት፣ በዌስትበሪ ሰብ ሜንዲፕ መንደር ተዘዋዋሪው የቤተ መጻሕፍት መኪና መምጣቱን ቢያቆም፣ ነዋሪዎቹ በ2009 የስልክ ቤታቸውን መደርደሪያ ሠርተው መጻሕፍት ሞሉባት። አንዱ ያነበበውን ያኖራል፤ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

በሌሎች መንደሮች ደግሞ፣ ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ተቀምጦባቸዋል። ሕጉ እንዳይፈርሱ ከለከለ፤ ሥራ የሰጣቸው ግን የመንደሩ ሰው ነው። ዛሬም በሌሊት የቤተሰቡን ሕይወት ሊያተርፍ የሚሮጥ ሰው፣ አያቱ ወደ ሮጠባት ወደዚያችው ቀይ ቤት ይሮጣል።