የመጤ አረም ታሪክና የጓሮ ባለቤት ግዴታ በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጐዳና ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ፥ ሸዋ ሮቢትን፥ አጣዬንና ካራቆሬን እያከታተለ በይፋት ቆላ ውስጥ ያልፋል። ይህ አገር የደጋውና የአፋር ሜዳ መገናኛ ስለ ሆነ፥ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ እህልና ከብት ሲለዋወጡበት የኖረ ነው። ከሰውና ከሸቀጥ ጋራ ግን ዘርም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ የአካባቢውን የአረም ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከእርሻው ይልቅ ከመንገዱ ዳር ቢጀምር ይሻለዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአገሬው ገበሬ አረምን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። ሙጃ ከማሳ ቢነቀልም ለከብት ይሰጣል፤ ሳማ በክፉ ቀን ተቀቅሎ ተበልቷል፤ አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ የሚመጥጥ ክፉ ጠላት ቢሆንም፥ ከአባት ጀምሮ የታወቀ ጠላት ነው። በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ደግሞ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ ባዕድ ሲሆን፥ በሰሜኑ አገር ፍሬው ምግብ፥ ግንዱም የግቢ አጥር ሆኖ እንደ አገር ተወላጅ ተቈጥሯል። እንግዲህ ባዕድነት ብቻውን አረም አያሰኝም ማለት ነው።

ቅንጬ አረም ግን ከእነዚህ ከአንዱም አይመደብም። ሊቃውንት ፓርቴኒየም የሚሉት ይህ ተክል አገሩ የአሜሪካ ሞቃት ምድር ሲሆን፥ በኢትዮጵያ መታየቱ የተነገረው በ1980 ገደማ በድሬዳዋ አካባቢ ነው። ብዙም ሳይቈይ በወሎ ቆላ ታየ። አመጣጡን በሚመለከት ሁለት አስተያየቶች አሉ፤ አንዱ በ1977ና በ1978 የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪናዎች መጣ የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው ለረሃብተኛ ከተላከው የርዳታ ስንዴ ጋራ ገባ ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት እንዳይሆኑ የሚከለክል ነገር የለም። አንዱ ተክል ብቻውን 15,000ና ከዚያም በላይ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም በጎማ ጭቃ፥ በድርቆሽና በፍግ ይዛወራል። በሐረርጌ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፥ ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ ከማሽላ ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊያጠፋ ይችላል። የይፋት ቆላ ኑሮ በማሽላ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ይህ ቍጥር ለአካባቢው ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ለባሕል ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ስሙ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞዎች «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ «አስፈራሚ» እንደ ማለት ነው፤ ይኸውም ገበሬውን መሬቱን እንዲለቅ የሚያስፈርም ለማለት ነው። አፋሮችም በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በመንግሥት እጅ በአዋሽ ሸለቆ የተተከለውን ባለ እሾኽ ፕሮሶፒስ «የደርግ ዛፍ» ብለውታል። ገበሬውም አርብቶ አደሩም አረሙን የሰየሙት በመልኩ ሳይሆን፥ ከሥልጣንና ከመሬት ጋራ ባለው ግንኙነት ነው።

ሕጉ ምን አደረገ? በ1971 የዕፀዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 ወጣ፤ በ1992ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዕፀዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 ተከተለ። የደንቡ ዋና ዓላማ በሽታና አረም በአገር በር እንዳይገቡ፥ ተክልና ዘር በፈቃድና በጤና ምስክር ወረቀት ብቻ እንዲገቡ ማድረግ ነበር። በዚህ ረገድ የጓሮ ባለቤቱም ይነካል፤ ከውጭ አገር የሚመለስ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚመጣው እፍኝ የአበባ ዘር በሕግ ፊት ከመርከብ ጭነት አይለይም። ሆኖም ደንቡ ሲወጣ ቅንጬ አረም አገር ውስጥ ከገባ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በሩ የተዘጋው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው።

በሌላ አገር ሕጉ እስከ ግቢው ድረስ ይዘልቃል። በደቡብ አፍሪቃ በ2014 የወጣው ደንብ፥ በግቢው የተከለከለ ወራሪ ተክል ያለበት ሰው ርስቱን ሲሸጥ ለገዢው በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አስገድዷል። መሬት በማይሸጥባት ኢትዮጵያ ግን ይህ ልጓም በገጠር የሚያዝበት ቦታ የለውም። በምትኩ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በ2005 ሲወጣ፥ ባለ ይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበትና ጉዳት ካደረሰበት የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። በዚህ ሕግ አረም ለብቻው ባይጠቀስም፥ ፈረምሲሳ የተባለው ስም ከሕጉ መንፈስ ጋራ ሳይታሰብ መገናኘቱ ልብ ሊባል ይገባል። ጕልበት የሌላት ባልቴት ጓሮዋን አረም ቢውጠው፥ ጥፋቱ የእርሷ ነው ማለት ግን ከባድ ፍርድ ነው፤ ዘሩ የመጣባት ከመንገዱ ነውና።

ጥንታዊው ሥርዓትም ይህን ክፍተት አይሞላውም። ወንፈልና ደቦ የሚጠሩት በባለቤቱ ማሳ ላይ ነው፤ ለመንገድ ዳር ደቦ የሚጠራ የለም፤ ጠላ የሚጠምቅለት ባለቤት የለውምና። የሰንበቴ ገበያም እንዲሁ ነው፤ ከአፋር ሜዳ የሚወጣው ከብት የፕሮሶፒስን ፍሬ በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ፍጉም ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል።

በ2016 በወለንጪቲ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ተለቀቀ። ጥንዚዛው እስኪዛመት ድረስ ግን ሥራው የእጅ ነው፤ አረሙ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ መነቀል አለበት። በባዶ እጅ የነቀለው ሰው ቈዳው ያሳክከዋል፥ ያቈስለዋልም፤ የበላችው ላምም ወተቷ ይመራል። በቤት ዙሪያ ያለውን አረም የሚነቅሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው።