ሐኪሙ ራሱ እንዲጽፍ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው ማይሲን ለከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን መድኃኒት የሚመርጥ ፕሮግራም ነበር። እውቀቱ 600 ያህል ‹ይህ ከሆነ ያ ነው› የሚሉ ሕጎች ነበሩ። ሕጎቹን ለማስገባት ፕሮግራመሩ ሐኪሙን መጠየቅ፣ የሰማውን በኮድ መጻፍ፣ መልሶ ማሳየት ነበረበት። ሐኪሙ ጊዜ የለው፣ ፕሮግራመሩ ሕክምና አያውቅ! የእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ትልቁ ማነቆ ይኸው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ኦንኮሲን በካንሰር ኬሞቴራፒ ላይ ያማክር ነበር። ለእሱ የተሠራው ኦፓል ለሐኪሙ በስክሪን ላይ ቅጽ ያቀርብለት ነበር፤ መድኃኒቱንና መጠኑን ሲሞላ ሕጉን ማሽኑ ያወጣው ነበር። ግን ኦፓል ከካንሰር ሌላ አያውቅም ነበር።

ሐኪምም የኮምፒውተር ተመራማሪም የሆኑት ማርክ ሙሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሮቴጄን የሠሩት ለዚህ ነው። ፕሮቴጄ መሣሪያ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ የዘርፉን አወቃቀር ከነገሩት ቅጾቹን ራሱ ያሰናዳል። ኦፓልን የሚመስል የካንሰር መሣሪያም፣ የደም ግፊት መሣሪያም ከእሱ ወጡ። ከሊስፕ ማሽን ተነሥቶ በኔክስት ኮምፒውተርና በዊንዶውስ በኩል አልፎ፣ በጃቫ የተጻፈው ፕሮቴጄ-2000 ላይ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2004 አውል የተባለው የኦንቶሎጂ (የአንድ ዘርፍ ጽንሰ ሐሳቦችና ዝምድናቸው የሚገለጹበት) መጻፊያ ቋንቋ የድረ ገጽ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ፤ ፕሮቴጄም ተቀበለው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁት ዝነኛ መለማመጃ በፒዛ ያስተምራል። ተማሪው ‹ማርጋሪታ ቲማቲምና ሞዛሬላ አለባት› ይላል፤ ‹የአትክልት ፒዛ ማለት ሥጋና ዓሣ የሌለበት ነው› ብሎም ይበይናል። ከዚያ ከተጻፈው ተነሥቶ የሚደመድመውን ሪዝነር ያስነሣል። ማርጋሪታ ግን ከአትክልት ፒዛዎቹ ተርታ አትገባም! ሥጋ እንደሌለባት ማንም አልተናገረማ፤ ያልተነገረውን ነገር ማሽኑ የለም ብሎ አይወስድም። ሽሮ የቀረበለት ጾመኛ ‹ቅቤ አለው?› ብሎ እንደሚጠይቀው መሆኑ ነው። ‹ከቲማቲምና ከሞዛሬላ በቀር ሌላ የለባትም› ተብሎ ሲጨመር ነው ማርጋሪታ ቦታዋን የምታገኘው። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ሐሳብን በትክክል መጻፍ የሚማሩትም እዚሁ ላይ ነው።

ኋላ ዌብፕሮቴጄ መጣና ሥራውን ወደ ብራውዘር አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛውን ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሲያዘጋጅ፣ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ በተሠራ መድረክ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች የበሽታዎቹን ፍቺ በጋራ አርመዋል፤ ምደባው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።