የሽቦው ሁለት ጫፍ

«ስልክ» የሚለውን ቃል የተዋስነው ከዐረብኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ዐረቦቹ ራሳቸው ግን መሣሪያውን «ሃቲፍ» ይሉታል፤ ድምፁ እየተሰማ አካሉ የማይታይ ጠሪ እንደ ማለት። እነርሱ ለድምፁ ስም ሲያወጡ እኛ ለሽቦው አወጣን። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው፣ ሽቦ የሚባል ነገር የማይነካው ዕቃ እንኳ ስሙ ያው ስልክ ነው።

ስሙ ባይለወጥ ግን ደስ ይለኛል። ሽቦ ሁለት ጫፍ እንዳለው ያስታውሳልና። ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪካችን የተጻፈውን ሳገላብጥ በብዛት የማገኘው የኪሎ ሜትርና የደንበኛ ቁጥር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ውስጥ ቁጥር ስቆጥር ስለምውል፣ ማታ ሳነብ የሚያጓጓኝ ሌላ ነው። በዚህኛው ጫፍ የሚናገረው ማን ነው? በዚያኛው ጫፍ ያለውስ ሰምቶ ዝም የሚል ነው ወይስ መልስ የሚሰጥ? ውድ አንባብያን፣ ብሮድባንድ የተባለው ሰፊ መሥመር ወደ ሀገራችን የመጣበትን መንገድ በዚህ ጥያቄ በኩል ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያውን የስልክ መሣሪያ ያመጡት፣ ያኔ ደጃዝማች የነበሩት ራስ መኰንን እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ1889 የዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ከሄዱበት ሲመለሱ ነበር ይዘውት የመጡት። አካል የሌለው ድምፅ የሰሙ ካህናት «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደ ተቃወሙም እስከ ዛሬ ይወሳል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው ለመሳቅ ነው። እኔ ግን አይስቀኝም፤ ካህናቱ የጠየቁት «የማይታየው ተናጋሪ ማን ነው?» ብለው ነውና፣ ጥያቄው ከመሣሪያው በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ቀጥሎ የመጣው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መሥመር ነው። ጅምሩ እ.ኤ.አ. ከ1894 ይቆጠራል፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐረር የባሕር በር መግቢያ ናት፤ ንግዱም፣ መሣሪያውም፣ የውጭው ዓለም ወሬም የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ የነበረው ጉዳይ በአንድ ጀንበር የሚያልቅ ሆነ። በሁለቱም ጫፍ የሚነጋገሩት ግን መንግሥትና ሹሙ ነበሩ። ሽቦው በባላገሩ ማሳ በላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ ከባላገሩ ጋር ጉዳይ አልነበረውም።

ለተራው ሰው ሌላ አውታር ነበረው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው አዋጅ ነው፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ «ስማ!» ይባላል፣ ሕዝቡ ይሰማል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣውስ? እሱ ቀጭን ነበር። ደጅ ጠንቶ «አቤት!» ማለት አንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእረኛ ዘፈን ነው። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚያስጠይቅ መኳንንት የዘመኑን የሕዝብ ልብ የሚያደምጠው በዚያ ክር ብቻ ነበር። ወደ ታች ነጋሪት፣ ወደ ላይ የእረኛ ጉሮሮ፤ ይህን ምስል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት ዘልዬው ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለቴሌኮሙኒኬሽን ተበደረች፤ በማግሥቱ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 131 የንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስሙ ከመንግሥት መንግሥት እየተቀያየረ ሄዶ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። (እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ለማስፋፊያው ከቻይና የተገኘው ብድር 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አኃዙ ያው፣ ዜሮው ግን ሦስት ጨምሯል፤ ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ሳይናገር ማለፍ አይሆንለትም።)

በዚህ መካከል ግን፣ ከእኛ ርቆ፣ ሽቦው ራሱ ተለወጠ። በአሮጌው ስልክ ድምፅ የሚሄደው እንደ ሞገድ ነው፤ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል፣ ድካሙን ለማበርታት ሲሞከርም ጫጫታው አብሮ ይበረታል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ፓሪስ ውስጥ ሲሠራ፣ ድምፅን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሐሳብ አመጣ። በኋላ ይህ ሐሳብ በተግባር ሲውል የሰው ድምፅ በአንድ ሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በስምንት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይጻፋል። ብታባዙት በሰከንድ 64,000 ይሆናል። የወል ቤት ስንኝ በስድስት በስድስት ቀለም እየቆረጠ የሚያመሽ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ድምፅ ሲቆጠር እንደሚጸና ከመሐንዲሶቹ በፊት ያውቀዋል።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ድምፅ ቁጥር ከሆነ፣ ሥዕልም ቁጥር ከሆነ፣ ፊደልም ቁጥር ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ መሥመር መሄድ ይችላሉ። ለስልክ አንድ ሽቦ፣ ለቴሌግራም ሌላ ሽቦ መዘርጋት ቀረ። ሰፊው የዲጂታል አውታር የሚባለው መነሻው ይህ ነው፤ ስፋት የሚባለውም በአንድ ሰከንድ ስንት ቁጥር ያሳልፋል ነው።

ይህን ስፋት ወደ ቤት ለማስገባት አዲስ ሽቦ መቅበር ውድ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ወደ አሮጌው የመዳብ ሽቦ ተመለሱ። የስልክ ንግግር ከመዳቡ የሚጠቀመው እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ታችኛውን ጥግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ኸርዝና ከዚያም ጥቂት አልፎ፣ ባዶውን ይውል ነበር። ባዶውን ማረስ ጀመሩ። ችግሩ በአንድ ጥቅል የታሰሩ ሽቦዎች እርስ በርስ መረበሻቸው ነው፤ ሁሉም በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ሲጮኹ ማንም አይሰማም። በአሜሪካው የቤልኮር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሌክላይደር ያቀረበው መላ አንደኛውን አቅጣጫ ማጥበብ ነበር። ወደ ቤት የሚገባው ይስፋ፣ ከቤት የሚወጣው ይጥበብ። በዚህ መላ የተሠራው ሥርዓት ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ይባላል፤ የመጀመሪያዋ ፊደል «ያልተመጣጠነ» ለሚለው ቃል የቆመች ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያጸደቀው መስፈርት፣ ሁሉ ነገር ሲመች፣ ወደ ቤት በሰከንድ እስከ ስምንት ሚሊዮን፣ ከቤት እስከ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቁጥር ያሳልፋል።

ነጋሪቱንና እረኛውን አሁን አስታውሱልኝ። ሌክላይደር ስለ አዋጅም ስለ እረኛም ሳያስብ የሠራው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምክንያቱ ሽቦ ነው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ይቀበላል እንጂ ብዙ አይልክም የሚለው ግምትም የዘመኑ የሁሉም ግምት ነበር። ሆኖም ይህ ሰፊ መሥመር ወደ እኛ ሲመጣ ቀድሞ የተዘጋጀለት ወንዝ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

ኢንተርኔት በሀገራችን የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም.። ብሮድባንድ የሚለውን ቃል በይፋ የሰማነው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያው ሰሞን ሁለት ታላላቅ መረቦች ተዘረጉ፤ ወረዳ ኔትና ስኩል ኔት። ወረዳ ኔት ከአምስት መቶ በላይ ወረዳዎችን ከክልሎችና ከአዲስ አበባ ጋር በምስልና በድምፅ የሚያገናኝ ነበር። የምድሩ መሥመር ያልደረሰበት ቦታ በሳተላይት ተሞላ። መሣሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የወረዳው ሠራተኛ ተራው ሲደርስ ይናገራል። ተራ የሚሰጠው ግን ማዕከሉ ነው። የምኒልክን ሽቦ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ በ477 ኪሎ ሜትር የተጀመረው ነገር ወደ ሁሉም አውራጃ ደረሰ፣ ምስልም ጨመረ።

ስኩል ኔትን የማውቀው በዓይኔ ነው። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ቴሌቪዥን ጠበቀን። በሰዓቱ ይከፈታል፤ የማናውቀው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ሥዕሎቹ ውብ ነበሩ፤ የልብ ደም ሥሮች ሲንቀሳቀሱ ያየሁት በዚያ ነው፣ ይህን አልክድም። መምህሩ ግን ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ይቀጥላል። ማንም አልመለሰም። ከጎን የቆሙት የክፍላችን መምህር የተረዳን እንደሆነ በዓይናቸው ይጠይቁን ነበር፤ የእኛን «አልገባንም» ወደ ሰማይ የሚያወጣ መሥመር ግን አልነበረም። ሰፊ መሥመር ምን ማለት እንደሆነ፣ ጆሮ የሌለው አፍም ምን እንደሚመስል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተማርኩ።

በዚያው 1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ። የተከፈተው ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። አስቡት፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር የሚያፈሰው መሥመር በተከፈተበት ወራት፣ በአንድ ጊዜ 160 የላቲን ፊደል ብቻ የሚይዘው ተዘጋ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ሰባ ፊደል ስንት ነው? ክፍት ቦታው ሳይረሳ፣ ሦስት የወል ቤት ስንኝ ያህል። አስፈሪው መሥመር ያ ነበር፤ ከማንኛውም ኪስ ወደ ማንኛውም ኪስ የሚሄድ፣ ተራ ሰጪ የሌለው። የእረኛ ዘፈን ርዝመት እንኳ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ባንክ የገባሁት ቅርንጫፎች በአንድ መረብ እየታሰሩ ባሉበት ዘመን ነው። ነባሮቹ እንደሚነግሩኝ ድሮ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ደብተሩን በከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ በስልክ እየተነበበ፣ በምሥጢር ቁጥር እየተረጋገጠ ነበር። መረቡ ሲመጣ ገበሬውም ነጋዴውም ያለ ማንም ተራ ሰጪነት በራሱ ቁጥር ጎንደርም ጅማም ገንዘቡን አገኘ። ስለ ብሮድባንድ ጥቅም ስጠየቅ ቶሎ የሚመጣልኝ ፊልምም ጨዋታም አይደለም፤ በመስኮቴ ፊት የቆመች፣ ልጇ ከጅዳ የላከላትን የምትጠብቅ እናት ናት። «ኔትወርክ የለም» ስላት «የት ሄደ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ደኅና መልስ አላገኘሁላትም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም ጠፋ፤ በአብዛኛው ሥፍራ ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ጠፋ ቆየ። በእኔ ሙያ ላለ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ልናገር። የዚያ ሁሉ ሰው ሒሳብ በመዝገብ ላይ አለ። እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። ባለቤቱ ግን ሊነካው አይችልም፤ እኔም ከዚህኛው ጫፍ ላደርስለት አልችልም። በባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ደውለው የሚሰሙት አንድ ነበር፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም»። ሽቦው ሁለት ጫፍ እንዳለው በደንብ የሚታወቀው አንደኛው ሲቆረጥ ነው።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም አገልግሎቱን የጀመረው ከድሬዳዋ ነው፤ ከሐረር የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ብትርቅ ነው። ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም፤ ሽቦም እንደ ቡናና ጫት በምሥራቅ በኩል መንገድ ያውቃል። እዚያ የሚሠራ ባልደረባዬ በአዲሱ ቁጥር ደወለልኝ። በአንድ መሥመር ብቻ ለመቶ ሃያ ዓመት የኖረ ሀገር ልጅ በሁለተኛው መጀመሪያ ምን እንደሚል ለማወቅ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ።

«ሃሎ፣ ይሰማል?» አለ።