በወህኒ ቤት ተረት አውርቶ የተረፈው ልጅ

ማታ በሩ ከውጭ ሲቆለፍ የክፍሉ ሕግ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያዘው ጠባቂው ሳይሆን «ቁጥር» ነው። በደቡብ አፍሪካ ወህኒ ቤቶች አዲስ የገባ ወጣት ወይ ከቁጥሮቹ አንዱን ይቀላቀላል፣ ወይ የሌሎች መጠቀሚያ ይሆናል። ጆን ፍሬድሪክስ የሚባለው የኬፕታውን ልጅ ግን ሌላ መንገድ አገኘ። ተረት ማውራት!

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኑም ማይ ስኮሊ» የተሰኘው ፊልም የእሱ ታሪክ ነው። ትርጉሙ «ሌባ በሉኝ» እንደማለት ነው። ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ፍሬድሪክስ፣ ያዘጋጀው ዳሪን ጆሹዋ ነው። በ1960ዎቹ በድሆች ሰፈር ያደገው ኤቢ የተባለ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ይመሠርታል፤ ይሰርቃል፤ ይታሰራል። እስር ቤት ውስጥ ግን ማታ ማታ ለእስረኞቹ ታሪክ እየተረከ ሲኒማቸው ይሆናል። እነዚያ ገዳዮችና ዘራፊዎች የነገውን ክፍል ለመስማት ሲሉ ሳይነኩት ያድራሉ። «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ላነበበ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ፊልሙን በደንብ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። «ቁጥር» የሚባሉት ሦስት ቡድኖች ናቸው። 26፣ 27 እና 28። ሦስቱም መነሻችን የሚሉት አንድ ሰው ነው። ኖንጎሎዛ!

ሰውዬው ተረት ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ ኖሯል። ትክክለኛ ስሙ ምዙዜፊ ማቴቡላ ሲሆን የዙሉ ተወላጅ ነው። ወጣት ሳለ የሚጠብቀው የነጭ ቀጣሪው ፈረስ ጠፋ፤ ዋጋውን ሠርተህ ክፈል ተባለ። አልከፍልም ብሎ ሸሸ። ወርቅ በተገኘባት ጆሃንስበርግ ዙሪያ ኮረብታዎች ላይ ሽፍቶችን አደራጀ፤ የጦር ሠራዊት ዓይነት ማዕረግም ሰጣቸው። ስማቸውንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስዶ «ነነዌ» አላቸው። የአማርኛ አንባቢ ነነዌን የሚያውቃት በሦስት ቀን ጾሟና በንስሐዋ ነው። ኖንጎሎዛ ግን ከንስሐዋ ይልቅ አመፅዋን መረጠ። ነነዌ በእግዚአብሔር ላይ እንዳመፀች እኛም በመንግሥት ላይ አምፀናል ማለቱ ነበር።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1912 ኖንጎሎዛ ራሱ ተመለሰ። ከመንግሥት ጋር ታርቆ የወህኒ ቤት ጠባቂ ሆነ፤ በ1948 ሞተ። መሪው ንስሐ ገባ፤ ነነዌ ግን አልገባችም። ሠራዊቱ ያለ እሱ ቀጠለ።

ለምን? አንዱ ምክንያት የመንግሥት ሕግ ነው። የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ጥቁር በወንጀለኛ ተቆጥሮ ይታሰር ነበርና ወህኒ ቤቶቹ ባዶ ሆነው አያውቁም። የአፓርታይድ መንግሥት ደግሞ በ1966 የኬፕታውኑን ዲስትሪክት ሲክስ «የነጮች ሰፈር» ብሎ አወጀ። ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ከዚያ ተነቅለው ወደ ኬፕ ፍላትስ ሜዳ ተበተኑ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዘመድ ከዘመድ ተለያየ። ጎረምሳውን የሚገሥጽ ሽማግሌ ሲርቅ መንገድ ላይ ያለው ቡድን ቤተሰብ ሆነ። ከቡድኑ እስከ ወህኒ ያለው መንገድም አጭር ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ተረቱ ነው። አዲስ የገባው እስረኛ የኖንጎሎዛን ታሪክ በቃሉ ያጠናል። 26 በብልሃት ገንዘብ ያመጣል፤ 27 ሕጉን በደም ይጠብቃል፤ 28 ለእስረኛው ምግብና መብት ይዋጋል። ፈረስ ጠፋብህ ተብሎ የተበደለው ሰው ታሪክ፣ በየዘመኑ ለተበደለ ወጣት የራሱ ታሪክ ይመስለዋል። ጠባቂ ሆኖ የሞተው ሽማግሌ ግን አይማርከውም።

ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰሙት ተረቶች ሁለት ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዱ ወጣቱን ወታደር አድርጎ ያስቀረዋል። ሌላው ፍሬድሪክስን ከእስር በሰላም አወጣው፤ ጸሐፊም አደረገው። በ2019 ሲያርፍ ታሪኩ በመጽሐፍም በፊልምም ተቀምጦ ነበር።

ዱላ የያዘ ጠባቂ ቁጥሮቹን አላጠፋቸውም። የተበደለ ልጅ አንድ ታሪክ መፈለጉ አይቀርም። ቀድሞ የሚነግረው ማን ነው? ጥያቄው ይኸው ነው።